በብሩሽ የተደፈነው ስንጥቅ

በመሥሪያ ቤታችን «ጂኦግራፊ» ነበር የምንላት። እውነተኛ ስሟን አስታውሶ የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ሰው ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሥራዋ የሌለ አገር ካርታ መሳል ነው፤ የሌለ ባሕር፣ ማንም ያልረገጠው በረሃ፣ ዘንዶ የሚተኛበት ዋሻ። ድርጅታችን በየዓመቱ አንድ ቅጽ የሚወጣለት የልጆች የጀብዱ መጽሐፍ ያሳትማል፤ መጽሐፉ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው የእሷ ካርታ ነው። ልጆቹ ታሪኩን ሳይጀምሩ ካርታው ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ደራሲው ራሱ ጀግናው የት እንደደረሰ ሲጠፋበት ስልክ ደውሎ እሷን ይጠይቃል።

እኔ አራሚ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ የሰው ጠባይ ያበላሻል። ምግብ ቤት ስገባ ከምግቡ በፊት የሚታየኝ ዝርዝሩ ላይ ያለው የፊደል ግድፈት ነው። ባለቤቴ «አንተ እኮ የራስህንም የሞት ማስታወቂያ አርመህ ነው የምትሞተው» ትለኛለች። ቢሮ ውስጥ ደግሞ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉኛል፤ ከኋላዬ ሲሉኝ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ይህን ሁሉ የምናገረው ወድጄ አይደለም፤ ስለ እሷ ላወራ ተነስቼ ራሴን ደብቄ ማለፍ ስለማልችል ነው።

አጠር ያለች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሳቋ ከደረጃው ሥር የሚሰማ ሴት ነበረች። ጠረጴዛዋ ከእኔ ጠረጴዛ ትይዩ ነው። ስትሠራ ቀኝ እጇ ላይ ሁለት ጣት ብቻ የሚሸፍን ጥቁር ጓንት ታጠልቃለች፤ መዳፏ የምትስልበትን ታብሌት ሲነካ መስመር እንዳይበላሽ ነው። «ለሦስቱ ጣቶችሽ ጨርቅ አለቀ እንዴ?» ብለን እንቀልድባት ነበር። «ሦስቱ ሥራ ፈቶች ናቸው፤ ለሥራ ፈት ልብስ አይገዛም» ትለን ነበር።

እንዴት እንደምትሠራ ማየት ያስደስተኛል፤ ደስታዬን ግን ነግሬያት አላውቅም። መጀመሪያ ሁሉንም በግራጫ ትጥለዋለች። ጠረፉን በጠንካራ ብሩሽ ትቆርጠዋለች፤ ባሕሩን ከዳር ቀለል፣ ወደ መሐል ጠቆር ታደርገዋለች። ከዚያ ተራራው ይመጣል፤ በአንድ ጎኑ ብርሃን፣ በሌላው ጥላ። ብርሃንና ጥላው ሲገናኙ እንደ ተቀደደ ወረቀት ደረቅ ስለሚሆኑ፣ እሷ «ማለስለሻ» የምትለውን ብሩሽ ታነሳለች። ይህ ብሩሽ የራሱ ቀለም የለውም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀለም እየጎተተ ከጎረቤቱ ጋር ያዋህደዋል። ሦስት አራት ጊዜ ስታመላልሰው ጠርዝ የነበረው ነገር የት እንደገባ አይታወቅም።

አንድ ነገር ግን አይሆንላትም ነበር፤ ከልቧ ፈጥራ መሳል። የፈጠራ አገሯ ሁሉ ከሆነ ቦታ የተለቀመ ነው። የምሥራቁ ጠረፍ የኮሪደራችን ግድግዳ ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ነው። ትልቁ ሐይቅ ከቢሮው በር ፊት ለፊት የሚያቁረው ውሃ ነው። ታሪኩ ሁሉ የሚዞርበት «ዝምተኛው ተራራ» ደግሞ ከአባቷ ቤት ጀርባ ያለው ኮረብታ ነው። አዲስ ቅጽ ሊጀመር ሲል ዓመት በዓመት እዚያ ትሄዳለች፤ በጓሮው መስኮት በኩል በርጩማ ስባ ትቀመጥና ኮረብታውን እንደ አዲስ ትስለዋለች። «ያለፈውን ለምን አትገለብጪውም?» ስላት፣ «ያየሁትን እንጂ የሳልኩትን መሳል አልችልም» አለችኝ። ያኔ እንደ ግትርነት ነበር የቆጠርኩት።

አባቷ አናጢ ነበሩ። ዕድሜ ገፍቶ ሥራ ቢያቆሙም እጃቸው አላቆመም፤ እያንዳንዱ ቅጽ ሲወጣ ካርታውን ከመጽሐፉ በጥንቃቄ ገንጥለው፣ ራሳቸው በሠሩት የእንጨት ክፈፍ ሳሎን ይሰቅሉታል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ ከጓሮዬ ያለው ነው፤ የልጄ እጅ ነው» ይላሉ። ልጅቱ ይህን ስትነግረን በፌዝ ነበር፤ ስታወራ ግን ዓይኗ ይስቅ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ።

ሁለተኛው ቅጽ ሲወጣ አንድ ወንዝ ከከተማው ግራ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ተገኘ። ያመለጠኝ እኔን ነው። አንባቢ ልጆች አይምሩም፤ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጎረፈ። አንዷ ልጅ «ወንዙ የተሻገረው በድልድይ ነው ወይስ ዋኝቶ?» ብላ ጻፈች። አለቃችን ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁሉም ሲስቅ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ አዲስ ካርታ ካለፈው ቅጽ ካርታ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነጥብ በነጥብ ሳይመሳከር ፊርማዬን አያገኝም። የማይገጥም ነገር ከተገኘ የሚስተካከለው አዲሱ ነው፤ የታተመ አይነካም። በሙያችን ይህ ትክክል ነው። ዛሬም ቢሆን ሌላ አራሚ ቢጠይቀኝ እንዲሁ አድርግ ነው የምለው።

በአራተኛው ቅጽ ካርታ ላይ ከዝምተኛው ተራራ አናት ዝቅ ብሎ አንድ ቀጭን መስመር አየሁ፤ ማጭድ የመሰለ፣ ከዳር እስከ ዳር የሄደ። በሦስተኛው ላይ የለም። በቀይ ከበብኩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስንጥቅ ነው፣ ጋሼ።»

«ባለፈው አልነበረም።»

«ዘንድሮ አለ።»

«የት ነው ያለው? በታሪኩ ውስጥ ተራራው ተሰነጠቀ የሚል አንድ መስመር አሳዪኝ።»

«በታሪኩ የለም፤ እዚያ ግን አለ። አባዬ ጓሮ።»

«እህቴ፣ እኛ የአባትሽን ጓሮ አይደለም የምናሳትመው» አልኳት። ከጎን ያሉት ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ማለስለሻዋን አነሳች። ከጀርባዋ ቆሜ አየኋት፤ ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ መስመሩ ሣር ሆነ። ፈረምኩ።

በአምስተኛው ዓመት ስንጥቁ ወፍሮ መጣ፤ ከሥሩ ያለው የተራራው ትከሻም ዝቅ ብሏል። እንደገና ከበብኩት። «ጋሼ፣ እጄ አይደለም እኮ፣ ኮረብታው ነው» አለችኝ፤ እንደ አምናው ግን አልተከራከረችም። ምሳ ሳይደርስ ትከሻው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ስንጥቁ ተደፍኖ መጣ። እንዲያውም ካለፉት ሁሉ ያማረ ካርታ እሱ ነበር።

በዚያው ዓመት አካባቢ የአባቷ ቤት በሮች አንድ በአንድ አልዘጋ ማለት ጀመሩ። ዝናብ ሲመጣ እንጨት ይነፋል፤ ይህን ማንም አናጢ ያውቃል። የእሳቸው በር ግን በደረቁ ወራትም ይነክሳል። አናጢው መላጊያቸውን አንስተው ከላይ ትንሽ ይልጉታል፤ ከወር በኋላ ደግሞ ይነክሳል። «አባዬ በሩን እየላገ ሊጨርሰው ነው፤ በመጨረሻ መጋረጃ ይሆናል» እያለች ታስቀን ነበር። የአጥራቸው ቋሚዎች መዝመማቸውን፣ ከኮረብታው ሥር የሚፈልቀው ውሃ ቀይ አፈር ይዞ መውረዱንም እንዲሁ በጨዋታ መሐል ነግራናለች። ሁሉም ተነግሮን ነበር፤ አብረን ስቀንበታል።

ባለፈው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ከማዘጋጃ ቤት አንድ መሐንዲስ ወደ ሰፈራቸው ወጣ። ከኮረብታው ሥር ያሉትን የአምስት ቤት ሰዎች ሰብስቦ፣ መሬቱ እየተንሸራተተ ስለሚመስል ዝናቡ ሳይገባ ቤት እንዲለቁ ነገራቸው። ሰዎቹ ተንጫጩ። ቤት መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁሉም «ተው፣ አትልቀቅ» የሚለው ሰው ፈለገ። ያን ጊዜ አናጢው መሐንዲሱን እጁን ይዘው ሳሎን አስገቡት፤ ጎረቤቱም ተከትሎ ገባ። አምስቱን ካርታዎች በተርታ አሳዩት።

«ልጄ በየዓመቱ እዚህ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትስለው» አሉት። «ያላየችውን አትስልም። አምስት ዓመት ሙሉ ፀጉር ታህል የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ አሳየኝ።»

መሐንዲሱ «አባባ፣ ይሄ የልጆች ተረት ካርታ ነው እኮ» ቢላቸው፣ «ተረት ይሁን፤ ተራራው ግን የኔ ነው» አሉት። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት። መሐንዲሱ ስም መዝግቦ ወረደ፤ ማንም አልለቀቀም።

ይህን በማግስቱ ጠዋት ነገረችን። እንደ ልማዷ በሳቅ ጀመረችው፤ አባቷን እያስመሰለች «ፀጉር ታህል!» ስትል ግን ድምጿ መሐል ላይ ተቆረጠ። ጓንቷን አጥልቃ ተቀመጠች። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነስታ መጣች። ታብሌቱን ይዛ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ።»

በዚህ ሥራ ሥዕል በሥዕል ላይ እንደ መስታወት ይደረደራል፤ ሌየር ይሉታል። የላዩን ሲዘጉት የታቹ እንዳለ ይታያል። እሷ በብሩሽ ያለሰለሰችው ሁልጊዜ በላይኛው ሌየር ላይ ነው፤ ከመስኮቱ የሣለችው የመጀመሪያ ንድፍ ከሥር ሳይነካ ተቀምጧል። አሁን የአምስቱን ዓመት ንድፎች አውጥታ፣ በግራ በኩል ባለው ጥቁር አለት አጋጥማ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርድራቸዋለች። አንድ በአንድ እየከፈተች አሳየችኝ። አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አለቱ ባለበት ነው። ትከሻው ግን መጀመሪያ ሳይታወቅ፣ ኋላ እንደ ከበደው ሰው ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አራተኛው ላይ ስንጥቁ ይከፈታል። አምስተኛው ላይ ትከሻው የአባቷን የጓሮ አጥር ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል።

ክው አልኩ። ቢሆንም አፌ የለመደውን አወጣ፤ «እጅሽ ስቶ ቢሆንስ?»

«ጋሼ፣ እጄ ቢስት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይስታል» አለች። «አምስት ዓመት ሙሉ ወደ አባቴ ቤት ብቻ ይስታል?»

ፊቷ አመድ መስሏል። «ብቻዬን ብሄድ አይሰማኝም፤ ትልቅ ሰው አብሮኝ ካለ ያፍራል። አብረውኝ ይምጡ» አለችኝ። ኮቴን አነሳሁ።

ከአውቶቡሱ ወርደን መቶ ምናምን ደረጃ ወጣን። ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነበር፤ ከደረጃው ዳር የሚወርደው ውሃ ግን ቀይ ነው። ከላይ ስንደርስ ኮረብታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ሁለት ዓመት በቀይ እስክሪብቶ የጎነታተልኩትን ነገር ማለት ነው። ስንጥቁ ሰው ቆሞ የሚገባበት ሆኗል። ካርታ ላይ ክር የሚያህለው ነገር እዚያ ላይ አፍ ነው።

አናጢው በሩን ነቅለው አግዳሚ ላይ አጋድመው እየላጉ ነበር። ደስ ብሏቸው አስገቡን። ልጅቱ ወንበር እንኳ ሳትስብ ታብሌቱን ከፍታ ንድፎቹን አሳየቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው አዩና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ታዲያ እነዚህስ? የታተሙት?»

«እነሱ ትክክል አይደሉም፣ አባዬ።»

«መጽሐፍ ላይ ታትሟል እኮ!»

«ስንጥቁን እኔ ነኝ የደፈንኩት። ይኸው፤ ይሄ የላዩ ነው።» የላይኛውን ሌየር ዘጋችው፤ ሣሩ ጠፍቶ ስንጥቁ ተከፈተ። መልሳ ከፈተችው፤ ሣር ሆነ። አናጢው ጣታቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ነኩ፤ ቀለም የሚነካቸው መስሏቸው ነው መሰለኝ ጣታቸውን አዩት።

«ማን አዘዘሽ?» አሏት።

አጠገቧ ቆሜያለሁ። እጄን ብዘረጋ ትከሻዋን እነካዋለሁ። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም።

«ማንም» አለች። «ካርታው እንዲያምር ብዬ ነው።»

እኔ ወለሉ ላይ የተበተነውን የእንጨት ፍቅፋቂ እያየሁ ነበር። ከእግሬ ሥር የተጠቀለለ፣ ረጅም አንድ ነበር፤ መልኩ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አናጢው አልጮሁም። ክፈፎቹን አንድ በአንድ አውርደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው አቆሟቸው። «ይሄን ይዤ ነው ሰው ፊት የቆምኩት?» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። ከዚያ ወጥተው አራቱን ቤት አንኳኩ። «የነገርኳችሁ ውሸት ነው፤ ልጄ አታላኛለች፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ» አሉ። አንዱ ጎረቤት ሳቀባቸው፤ ሌላዋ «የትናንቱ ውሸት ነው ወይስ የአሁኑ?» አለቻቸው። ሁሉንም ችለው አለፉ። ስንጥቁ ዳር ይዘዋቸው ወጥተው ሲያሳዩአቸው ግን የሚስቅ አልነበረም።

ደረጃውን ስንወርድ «ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት። ቀስ ብዬ ነው ያልኳት፣ እንዳትሰማኝ ፈልጌ ይሆናል።

«እርስዎ ሥራዎን ነው የሠሩት፣ ጋሼ። ኮረብታውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ብሩሹንም የያዝኩት እኔ። በሰው ላይ ጣት ብቀስር አባዬ ይብስበታል።»

ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በሳምንቱ አምስቱም ቤት ተለቀቀ። አናጢው በአንድ ሻንጣ ልብሳቸውንና መላጊያቸውን ይዘው ልጃቸው ቤት ገቡ። እሷና ሹፌሩ ባሏ ሳሎኑን ለቀቁላቸው። ዝናቡ በዚያው ሳምንት ጀመረ። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነው የምትገባው። አባቷ አያናግሯትም። ሻይ ስታቀርብላቸው ይቀበላሉ፤ ብርጭቆውን ሲመልሱ ግን ለባሏ ነው የሚመልሱት። «ቢሰድበኝ ይሻለኛል» አለችኝ። «ሰባት ቀን ሙሉ ስሜን አልጠራም።» አሳዘነችኝ። በዚያው ልክ ፈራሁም፤ የምን ፍርሃት እንደሆነ ለራሴም መናገር አልፈለግሁም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። እሷ ቢሮ መሆኗን፣ ባሏም መንገድ ላይ መሆኑን አውቄ ነው። ልነግራቸው ነበር። በመንገድ ላይ ቃላቱን ደጋግሜ ተለማምጃቸዋለሁ፤ «አባባ፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።» ስድስት ቃል አትሞላም።

አናጢው ብቻቸውን ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ተነስተው ሊሄዱ የተዘጋጁ ዓይነት። ሻይ ራሳቸው ቀዱልኝ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ስለ ጤናቸው ጠየቅኳቸው፤ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ።

«አንተ ያን ቀን ከእሷ ጋር የመጣኸው ነህ» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሥራህ ምን ነበር ያልከኝ?»

«አራሚ ነኝ። የፊደል ስህተት፣ የቁጥር፣ የማይገጥም ነገር… እየተከታተልኩ አርማለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ የልጄን ውሸት እንዴት ሳታየው አለፍክ?»

ይኸው መጣልህ፣ አልኩ በልቤ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መግባት ብቻ ነው። ሰውየው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ምን ያደርጉኛል? ምንም። ግን የሚያዩኝ እንደ ታማኝ ሰው ነበር፤ ያን ዓይን ማጣት አልቻልኩም።

«አመለጠኝ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ነህ፤ ያመልጥሃል። እሷ ግን እያየች ነው።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አንድ ሰው አዝዟት ቢሆን ይገባኝ ነበር። እኔም ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፤ ጠማማ በር አቁም ሲሉኝ አቁሜያለሁ። የእንጀራ ነገር ነው። በገዛ ፈቃዷ፣ እንዲያምር ብላ፣ እኔ ሥሩ ተኝቼ እያለ… ይሄን መዋጥ አቃተኝ። እዚህ የሚቀርብልኝም አልዋጥ ብሎኛል።»

ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩ። ይበርቱ፣ ደህና ይዋሉ፣ ቸር ይግጠመን፤ የሚባለውን ሁሉ አልኩ። ከበሩ ስወጣ ነገ እመለሳለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባሏ ቢሮ ደወለ። ሽማግሌው ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተዋል። ሊያስቆማቸው ቢሞክር «ተወኝ፤ እዚያ ቤት ቢያንስ እንጨቱን አውቀዋለሁ» ብለው እጁን አስለቅቀውታል። በመኪና ላድርስዎ ቢላቸውም እምቢ ብለዋል። ልጅቱ ስልኩን እንኳ አልዘጋችውም፤ ጓንቷን እንዳጠለቀች ከቢሮው ሮጣ ወጣች።

ተከትያት ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። እንደገና ተቀመጥኩ። እዚያ ብደርስ ምን እላለሁ? አራት ሰዓት ሲል የቢሮው መስኮት ተንቀጠቀጠ። ብዙ ገልባጭ መኪና ባንድ ጊዜ ድንጋይ ያራገፈ ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ረጅም፣ የማያቋርጥ። አለቃችን «ግንባታ ነው» አለ። እኔ አልተነሳሁም።

እሷ ደረጃው ግማሽ ላይ ደርሳ ነበር። ከላይዋ ያለው ደረጃ በናዳው ተጠርጎ ሲሄድ አይታለች። አባቷን ያገኟቸው በሁለተኛው ቀን ነው። ከአምስቱ ቤት የሞተ ሌላ ሰው የለም፤ አናጢው ራሳቸው ናቸው ያስወጧቸው። ያቺ «የትናንቱ ውሸት ነው ወይስ የአሁኑ» ያለቻቸው ሴት ከሁሉ በላይ ስታለቅስ ነበር።

ለቅሶ የተቀመጡት በልጅቱ ቤት ነው። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሎ ስለነበር ከበሩ አጠገብ፣ ጫማ ከተደረደረበት ቆምኩ። ልታየኝ አልፈለግሁም። አየችኝ። ተነስታ በሰው መሐል አልፋ መጣች፤ ድምጿ ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ዕለት መጥተው ነበር አሉኝ። ጎረቤቴ ከአባዬ ጋር ሻይ ስትጠጡ አይታ ነው።»

«አዎ» አልኩ።

«ምን ሊሉት ነበር የመጡት?»

ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። አንገቷን አየሁ፤ ጥቁር ነጠላዋን አየሁ። ያው በር ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተልኝ።

«እንዲሁ… ልጠይቃቸው ብዬ ነው» አልኳት።

ሁለት እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «በመጨረሻው ቀኑ ብቻውን አልዋለም ማለት ነው» አለች፤ እንባዋ እጄ ላይ ወረደ። «እኔ ጠልቶኝ ነው የሞተው። አንድ ሰው እንኳ ሻይ አብሮት ጠጥቷል። ፈጣሪ ያክብርልኝ፣ ጋሼ።» ከዚያ እጄን ሳትለቅ ወደ ሰዉ ዞረች። «አባቴን የጠየቁልኝ ሰው እኚህ ናቸው» አለቻቸው።

ሰዎቹ ተነስተው ከፊት ወንበር ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።